የትሩፎ ልጅና የእኔ ተማሪ



በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ዘወትር የምናነበው ግጥም፣ የስፖርት ወሬና ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ የሚሰጥ ምክር ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ፈረንሳዊ የፊልም ሰው ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ይኸ ደግሞ ከመምህርነት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚለኝ ቢኖር አልፈርድበትም። የሥነ ልቡና አስተማሪያችን ፊልሙን ሊያሳዩን ፕሮጀክተር ይዘው የገቡ ዕለት እኔም እንዲሁ ብዬ አጉረምርሜ ነበር። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ፍራንሷ ትሩፎ ይባላል። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1932 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። እናቱ የወለደችው ሳታገባ ነበር፤ ትሩፎ የሚለውን ስም ያገኘው ኋላ እናቱን ካገባው ሰው ነው። ሕፃንነቱን መጀመሪያ በሞግዚት፣ ቀጥሎም አያቱ እስኪሞቱ ድረስ በአያቱ እጅ አሳለፈ። ከዚያ በኋላ ወደ እናቱና ወደ እንጀራ አባቱ ቢመለስ ቤቱ ጠበበው። እናቱ ድምፅ አትወድም ነበርና ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ ከማንበብ በቀር ሌላ አይፈቀድለትም። ታዲያ ልጁ ሁለት መሸሸጊያ አበጀ፤ አንዱ መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ሲኒማ ቤት። ከትምህርት ቤት እየፎረፈ፣ ሳይከፍል በጓሮ በር እየሾለከ፣ አንዱን ፊልም ደጋግሞ ያይ ነበር። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ጨርሶ ተወ። በ1948 ገና በ16 ዓመቱ የፊልም ክበብ አቋቋመና ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። እንጀራ አባቱም ወስዶ ለፖሊስ አስረከበው። ልጁ ቪልዥዊፍ በሚባል ቦታ ወደሚገኝ የአጥፊ ልጆች ማቆያ ገባ።

እዚህ ላይ ነው እኛን የሚመለከት ሰው ብቅ የሚለው። አንድሬ ባዜን ይባላል። ባዜን እንደ እኛው እጩ መምህር ነበር። ሴን ክሉ በሚገኘው ከፍተኛ የመምህራን ትምህርት ቤት ተምሮ ሲያበቃ፣ መንተባተብ ስለነበረበት ለማስተማር አትበቃም ተባለ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆም ቢከለከል፣ በየፊልም ክበቡ እየዞረ ለሠራተኛውና ለወጣቱ ስለ ፊልም ማስተማር ያዘ። ያንን ማንም የማይፈልገውን ጎረምሳ ከማቆያው ያስወጣው ይኸው ሰው ነው። ትሩፎ በ1950 በፈቃዱ ወታደር ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ከድቶ ታሰረ። አሁንም ለማስፈታት ላይ ታች ያለው ባዜን ነበር። ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ቤቱ አስገብቶ እንደ ልጁ አኖረው፤ ካዬ ዱ ሲኔማ በሚባለው መጽሔትም ላይ እንዲጽፍ በር ከፈተለት። እስቲ አስቡት፤ «አስተማሪ መሆን አትችልም» የተባለው ሰው፣ «ተማሪ መሆን አይችልም» የተባለውን ልጅ አስተማረ።

ልጁ ብዕር ሲይዝ ግን ምላሰኛ ሆነ። በጃንዋሪ 1954 ባወጣው ጽሑፍ የአገሩን ታላላቅ የፊልም ሰዎች አብጠልጥሎ ዘለፈ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ በ1958 የካን የፊልም ፌስቲቫል እንደ ጋዜጠኛ እንዳይገባ ከለከለው። በመካከሉ፣ በ1957፣ ሌ ፊልም ዱ ካሮስ የተባለ የራሱን የፊልም ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። ስሙን የወሰደው ከሚያደንቀው ከዣን ረኗር ፊልም፣ ከ«የወርቅ ሠረገላ» ነው። በዚያ ዘመን አዘጋጁ ራሱ ፕሮዲዩሰር መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ከባለገንዘብ ደጅ ጥናት ያድናል፣ የሌሎችንም ፊልም ለማገዝ ያስችላል። ሞሪስ ፒያላ በ1968 በማደጎ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር ልጅ የሠራው ፊልም የትሩፎ ኩባንያ እጅ አለበት።

የመጀመሪያው ረዥም ፊልሙ «አራት መቶ ምት» ይባላል። ፈረንሳዮች «አራት መቶውን ምት መታ» ሲሉ «አስቸጋሪ ሆነ፣ ያልሠራው ጥፋት የለም» ማለታቸው ነው። ቀረጻው በኖቬምበር 1958 በተጀመረ በመጀመሪያው ሌሊት ባዜን በ40 ዓመቱ ሞተ። ፊልሙም ለእሱ መታሰቢያ ሆነ። በ1959 ያው ዓምና በሩን የዘጋበት የካን ፌስቲቫል ትሩፎን ምርጥ አዘጋጅ ብሎ ሸለመው።

ታሪኩ አንትዋን ዱዋኔል ስለሚባል የ12 ወይም 13 ዓመት ልጅ ነው፤ ነገሩ የትሩፎ የራሱ ልጅነት ነው። ገና ሲጀምር ክፍል ውስጥ ነን። የሴት ሥዕል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንትዋን ላይ ሲደርስ መምህሩ ያዩታል። ሥዕሉን ያመጣው እሱ አይደለም፤ የተቀጣው ግን እሱ ነው። ጥግ ሲያቆሙት ያለ ጥፋቱ መቀጣቱን ግድግዳው ላይ ይጽፋል፤ ለዚህም ሌላ ቅጣት ይጨመርበታል። ሌላ ቀን ቀርቶ ሲመጣ፣ ለምን እንደቀረ ቢጠየቅ የሚለው ቢጠፋው «እናቴ ሞታለች» ይላል። ከዚያ ደግሞ ባልዛክን አንብቦ ልቡ ይነካና ድርሰት ይጽፋል። መምህሩ ገና ሲያዩት ገልብጠሃል ብለው ዜሮ ሰጥተው ከክፍል ያባርሩታል።

እዚህ ቦታ ላይ የክፍሌ ልጆች በሙሉ ሳቁ። የመምህሩ ቁጣ በእርግጥ ያስቃል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለምን እንዳልሳቅሁ ለጓደኞቼም እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ይኸው እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያው ዙር የማስተማር ልምምድ የተመደብሁት አራተኛ ክፍል ነበር። የአማርኛ ድርሰት ሰጠሁ፤ ርእሱ «ቤታችን» ነው። አብዛኞቹ «ቤታችን ሁለት ክፍል አለው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው» ብለው ጻፉ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣ አንድ ልጅ ግን ዝናብ ሲዘንብ ጣራቸው እንደሚያፈስ፣ አያቱም ጠብታውን ሲያዩ «እንግዳ መጣ» ብለው እየሳቁ ድስት እንደሚያቀርቡለት ጻፈ። «እንግዳው ሲበዛ ድስት ያልቅብናል» ይላል መጨረሻው።

ሳነበው ደነገጥሁ። ድንጋጤዬ ወዲያው ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ። አሥር ጊዜ የሚያረፍድ፣ ደብተሩ ቅባት የጠጣ ልጅ እንዲህ ሊጽፍ አይችልም አልሁ። አስነሣሁት።

«ከየት ገለበጥኸው?»

«ከየትም ጋሼ።»

«ከየትም? ከሰማይ ወረደልህ?»

ክፍሉ ሳቀ። ደስ አለኝ፤ ተማሪዎቹ በእጄ ገቡ ብዬ። ድርሰቱን ከፍ አድርጌ ይዤ «ይኸ ስርቆት ይባላል» አልኋቸውና በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ አስገባሁበት። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ተቀመጠ። ያን ዕለት የልምምድ ተቆጣጣሪዬ ከኋላ ተቀምጠው ነበርና «የክፍል አያያዝ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ የክፍሉ መምህርት ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ የዚያን ልጅ አያት አውቃቸዋለሁ። አነጋገራቸው ልክ እንደዚያ ነው። የሚያረፍደውም ለእሳቸው ውሃ ቀድቶ ስለሚመጣ ነው» አሉኝ። «እሺ እትዬ፣ አስተካክለዋለሁ» አልሁ። አላስተካከልሁም። ሁለት ቀን ነበር የቀረኝ፤ ልጆች ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት ክብሬን የሚነካ መሰለኝ። ወደ ተቋማችን ተመለስሁ።

አንትዋን እንኳ ከባልዛክ ያነበበውን ነው በቃሉ ይዞ የጻፈው፤ መምህሩ ፈጽሞ አልተሳሳቱም ይባል ይሆናል። የእኔ ተማሪ ግን ከማንም አልወሰደም። የጻፈው አያቱን ነው።

ፊልሙ ቀጠለ። አንትዋን የጽሕፈት መኪና ሰርቆ ሊመልስ ሲል ተያዘ። አባቱ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው፤ ማቆያ ገባ። እዚያ አንዲት የሥነ ልቡና ባለሙያ ትጠይቀዋለች፤ ድምፅዋ እንጂ መልኳ አይታይም። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ዣን ፒየር ሌዎ ለዚህ ክፍል የተጻፈ ቃል አልተሰጠውም ነበር፤ የመለሰው ከራሱ አፍልቆ ነው። በመጨረሻ ከማቆያው አምልጦ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ባሕር ይደርሳል። መሄጃ ሲያጣ ዞር ይላል፤ ፊቱ እኛን እንዳየ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፊልሙ አለቀ። ያን አስተያየት እኔ ከዚያ በፊት አውቀው ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አስተማሪያችን ሁለተኛ ፊልም አሳዩን፤ ትሩፎ በ1970 የሠራው «የዱር ልጅ» ነው። ይኸ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1800 አካባቢ በደቡብ ፈረንሳይ አቬሮን በሚባለው አገር፣ መናገር የማይችል ከሰው ርቆ ጫካ ያደገ ልጅ ተገኘ። ዣን ኢታር የተባለ ወጣት ሐኪም ቪክቶር ብሎ ስም አውጥቶ ለዓመታት አስተማረው፤ በ1801 እና በ1806 ስለዚሁ ሁለት ዘገባ ጻፈ። ትሩፎ ፊልሙን ከዘገባው ሠራና ኢታርን ሆኖ ራሱ ተጫወተ። እስከዚያ ድረስ በፊልሞቹ ውስጥ ራሱን የሚያየው በልጁ ቦታ ነበር፤ አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ በአስተማሪው ቦታ ቆመ። ፊልሙንም መታሰቢያ ያደረገው ለሌዎ ነው። ባዜን ለእሱ የሆነውን እሱ ደግሞ ለሌዎ መሆኑን የተገነዘበ ይመስለኛል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ከአእምሮዬ የማይጠፋ አንድ ቦታ አለ። ኢታር ልጁ ፍትሕን ያውቅ እንደሆነ መፈተን ይፈልጋል። ልጁ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ሳለ፣ እንዳጠፋ ቆጥሮ እንደ ልማዱ ጨለማ ጓዳ ሊከተው ይጎትተዋል። ልጁ ይታገላል፤ እጁን ይነክሰዋል። ኢታርም ተነክሶ ደስ ይለዋል፤ ያቅፈዋል። ግፍ ሲሠራበት የሚያምፅ ልጅ ሰው ሆኗልና!

አስተማሪያችን ፊልሙን አቁመው «ባይነክሰውስ ኖሮ?» ብለው ጠየቁን። ማንም አልመለሰም። እኔ መልሱን አውቅ ነበር፤ እጄን ግን አላነሣሁም። ባይነክስ ኖሮ «ጨዋ ተማሪ ነው» ተብሎ ይመዘገባል፤ መምህሩም በክፍል አያያዝ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

ለሁለተኛው ዙር ልምምድ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመደብሁ። በመጀመሪያው ቀን ልጁን ሳይሆን ራሴን አስነሣሁ ማለት ይቻላል። ክፍሉ ፊት ቆሜ፣ «ባለፈው ጊዜ ድርሰት ገልብጠሃል ብዬ ዜሮ የሰጠሁት ልጅ አልገለበጠም። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ። ይቅርታ» አልሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዜሮውን ሰርዤ ከአሥር ዘጠኝ ሰጠሁት። ልጁ ቀና ብሎ «እሺ ጋሼ» አለ፤ በቃ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት «የገበያ ቀን» ብዬ ሌላ ድርሰት ሰጠሁ። የእሱን ወረቀት ፈልጌ መጀመሪያ አነበብሁ። እንዲህ ይላል፤ «ገበያ ሄድሁ። ሽንኩርት ገዛሁ። ዋጋው ውድ ነው። ወደ ቤት ተመለስሁ።» አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም። ማንም ከየት ገለበጥኸው ሊለው አይችልም።

ይቅርታዬን ሰምቶኛል፤ ትምህርቱን ግን ቀድሞ ተምሯል። ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ የአያቱን ነገር አንድም ጊዜ አልጻፈም። የክፍሉን መምህርት «እባክዎ ይከታተሉት» ብዬ ለመንሁ። «እንሞክራለን ልጄ፣ ቶሎ ግን አይመለስም» አሉኝ።

ትሩፎ እስከ መጨረሻው 21 ረዥም ፊልሞች ሠራ። በ1973 የወጣው «የአሜሪካ ሌሊት» የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ በ1980 የሠራው «የመጨረሻው ሜትሮ» አሥር የሴዛር ሽልማት ወሰደ። ኦክቶበር 21 ቀን 1984 በአንጎል ዕጢ በ52 ዓመቱ ሞተ። ለእኛ ለእጩ መምህራን ግን ከሽልማቶቹ ሁሉ የሚበልጠው በ1976 ቲዬር በምትባል ከተማ ከልጆች ጋር የሠራው «የኪስ ገንዘብ» ነው። በመጨረሻው ላይ አንድ ተማሪ ቤቱ ሲደበደብ መኖሩ ይታወቅና መምህሩ ለክፍሉ ይናገራል። እሱ ራሱ መምህርነትን የመረጠው የገዛ ልጅነቱ ጥሩ ስላልነበረና ልጆች የሚያዙበት መንገድ ስለማያስደስተው መሆኑን ይነግራቸዋል። ይህን ንግግር የጻፈው በ14 ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው መሆኑን አንርሳ።

በቅርቡ ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቼ፤ የትምህርት ዕቅድ፣ የጠመኔ አያያዝ፣ የድምፅ አወጣጥ ሁሉ እዚህ ተምረናል። አበው «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከነማርፈዱና ከነቅባታሙ ደብተሩ ነው እላለሁ። ከኋላ ወንበር አንድ ከዕድሜው በላይ የሆነ ዓረፍተ ነገር ቢመጣላችሁ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ከማንሣታችሁ በፊት «እንዴት አሰብኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከየት ገለበጥኸው?» ከማለት የሚለየው በሁለት ቃል ብቻ ነው።