ደመናውን ማን ያጥበዋል?

ስሙን ስትሰሙት የሕፃን አፍ ይመስላችኋል። ነውም። «ቱቱ» የሚለው ቃል የፈረንሳይ ሕፃናት መቀመጫቸውን ከሚጠሩበት ኮልታፋ ቃል እንደመጣ የቃላት ታሪክ አዋቂዎች ይነግሩናል። ያቺ በባሌ መድረክ ላይ እንደ ሰፌድ ዙሪያዋን ተዘርግታ የምትቆም ነጭ ቀሚስ፣ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ እያላት፣ ስሟ ሲፈታ «ቂጥዬ» እንደማለት ነው። (ይቅርታ፤ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የፓሪስ ነው።)

በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ባሌን (ክፍለ ሀገሩንም የትዳር ጓደኛንም ማለቴ አይደለም) ያወቅነው በሶቪየት ኅብረት በኩል ነው። ሞስኮና ሌኒንግራድ ተምረው የተመለሱ ወንድሞቻችን «የስዋን ሐይቅ»ን ቁጭ ብለው ማየታቸውን እንደ ሁለተኛ ዲግሪ ይቆጥሩት ነበር። ሲያወሩን ግን ስለ ዝላዩና ስለ ሽክርክሪቱ ነው። ስለ ቀሚሱ ያወራኝ አንድም ሰው አላስታውስም። እኔ ደግሞ ወሬው ያለው ቀሚሱ ላይ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ቀሚሱ ረጅም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፓሪስ ኦፔራ ሴት ዳንሰኞች ዳሌያቸው ላይ ቅርጫት መሰል ነገር አስረው፣ በላዩ ከባድ ጨርቅ ደርበው፣ ተሸፋፍነው ነበር የሚደንሱት። ወንዶቹ ይዘላሉ፤ ሴቶቹ ይንሸራሸራሉ። ማሪ ካማርጎ የምትባል ዳንሰኛ ግን እንደ ወንዶቹ ዘልላ እግሮቿን አየር ላይ ማመሳቀል ትችል ነበርና፣ ሙያዋ እንዲታይላት ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አሳጠረችው። ጥቂት ጣት ያህል ጨርቅ ነው፤ መነጋገሪያ ሆነ። ማሪ ሳሌ ደግሞ በ1734 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ ቅርጫቱን ጥላ፣ ፀጉሯን ለቃ፣ በስስ የሻሽ ልብስ መድረክ ወጣች። እንግዲህ ሰው እንደ እርቃን ወዳጅ ይያቸው እንጂ፣ ሁለቱም የጠየቁት ሥራ መሥሪያ ልብስ ነው።

ከዚያ 1832 መጣ። ማሪ ታልዮኒ አባቷ ፊሊፖ ባዘጋጀላት «ላ ሲልፊድ» በተሰኘው ባሌ ላይ፣ ደወል የሚመስል፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ድርብርብ ነጭ ስስ ቀሚስ ለብሳ በእግር ጣቷ ጫፍ ቆመች። ኦፔራው ከአሥር ዓመት በፊት የጋዝ መብራት አስገብቶ ነበር። በዚያ ገርጣ ብርሃን ውስጥ ነጩ ልብስ እንደ ጉም ታየ። ዛሬ ሮማንቲክ ቱቱ የምንለው ይኸው ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ሮማንቲሲዝም ላይ ስደርስ የዚህችን ሴት ሥዕል ፎቶ ኮፒ ይዤ እገባ ነበር። ሁለት ሰዓት ከመለፍለፍ ሥዕሉ ይቀላል፦ የማይጨበጥን ነገር መናፈቅ፣ ስትያዝ ክንፏ ረግፎ የምትሞት መንፈስ መሰል ሴት። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዱ «መምህር፣ ይህቺ ሴትዮ መሬት አትረግጥም እንዴ?» አለና ክፍሉ ሳቀ። አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ግን እጇን አውጥታ «ይህን ሁሉ ነጭ ማን ነው የሚያጥበው?» ብላ ጠየቀች። ስለ ሮማንቲሲዝም ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ እስካሁን አብሮኝ ያለው ይኸኛው ነው።

መልስ የሚሆን ነገር ከሥዕል ታሪክ ውስጥ አለ። ኤድጋር ደጋ በ1881 የ14 ዓመት ዳንሰኛ ምስል በሰም ሠርቶ፣ እውነተኛ የጨርቅ ቱቱ አልብሶ ለእይታ አቀረበ። ከሃያሲዎቹ አንዳንዶቹ አስቀያሚ አሏት፤ ከዝንጀሮ ያመሳሰላትም ነበር። ለምስሉ የቆመችው ልጅ ማሪ ቫን ጎተም ትባላለች። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። ደመናው ላይ የሚንሳፈፉት አብዛኞቹ የእነዚህ ሰዎች ልጆች ናቸው። ገንዘብ ያላቸው የኦፔራው ደንበኞች ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ልጃገረዶቹን «እንዲያነጋግሩ» ይፈቀድላቸው እንደነበር ከጨመርኩላችሁ፣ ቀሚሱ ለማን ዓይን እንደተሰፋ ብዙ ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

የጨርቁም ነገር አለ። ሻሹን ቀስ በቀስ የተካው ቱል፣ የእኛ ሙሽሮች ቬሎ የሚሠራበት ያ መረብ መሰል ጨርቅ፣ ድሮ በእጅ የሚሠራ የሀብታም ልብስ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ሂትኮት በ1809 የማሽን መብቱን አስመዘገበና ረከሰ። በ1816 ሠራተኞች ሌሊት ፋብሪካው ገብተው ከ50 በላይ ማሽን ሰባበሩበት። ዳንሰኞቹም ጨርቁም ከአንድ ሰፈር ናቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ኤማ ሊቭሪ በ1858 በ16 ዓመቷ «ላ ሲልፊድ»ን ደንሳ ፓሪስን አስደመመች። ታልዮኒ ራሷ ከጡረታዋ ተነሥታ መጥታ አሠለጠነቻት፤ በ1860ም «ቢራቢሮዋ» የተሰኘ ባሌ አዘጋጀችላት። በዚያ ባሌ ውስጥ ቢራቢሮዋ ወደ ችቦ ቀርባ ክንፏ ይቃጠላል። ልብ በሉ። የጋዝ መብራትና ስስ ጥጥ ጎን ለጎን ሲኖሩ የሚሆነው ይታወቅ ነበር፤ ለንደን ውስጥ ክላራ ዌብስተር በ1844 በዚሁ ሞታለች። በ1859 የፈረንሳይ መንግሥት የመድረክ ልብስ እሳት እንዳይዘው በመድኃኒት ተነክሮ ይለበስ ብሎ አዘዘ። የተነከረው ቀሚስ ግን ይደርቃል፣ ወደ ቢጫ ይነጣል። ደመናነቱ ይቀራል። ኤማ እንቢ አለች። በተለመደው ቀሚሴ ነው የምደንሰው፣ ለሚመጣው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ብላ ለዳይሬክተሩ ጻፈች። ዳይሬክተሩ ተቀበለ።

ኖቬምበር 15 ቀን 1862፣ ልምምድ ላይ፣ ቀሚሷን ስታራግፍ መብራቱ ያዛት። እየነደደች መድረኩን ሮጠች። እሳት አጥፊው በእርጥብ ብርድ ልብስ ሲደርስባት ዘግይቷል። ስትለማመድ የነበረው በመጨረሻ ወደ እሳተ ገሞራ ዘልላ የምትሞትን ዱዳ ልጃገረድ ነበር። ስምንት ወር ተሠቃይታ በጁላይ 1863 ሞተች፤ 21 ዓመት አልሞላትም። አልጋ ላይ እያለች ስለ ተነከረው ቀሚስ ጠይቀዋት፣ አስቀያሚ ነውና ብመለስም አልለብሰውም አለች ይባላል። ከቀሚሷ የተረፈው ቁራጭ ፓሪስ ኦፔራ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ለውበት ስትል» ብለው ይዘጉታል። አልወደውም። ልጅቷ የ18 ዓመት ሠራተኛ ናት። እንጀራዋ ክብደት የለሽ መስላ መታየት ነው። ቢጫና ድርቅ ያለ ቀሚስ ለብሳ ከምትታይ ባትታይ ይሻላታል፤ እንደዚያ ነው ያሳደጓት። ይልቅ እኔን የሚቆረቁረኝ ያ ደብዳቤ ነው። ትእዛዙ የወጣው ለቲያትሩ ነው። ቲያትሩ ትእዛዙን የማስፈጸም ግዴታውን በአንዲት ልጅ ፊርማ ከራሱ ላይ አወረደ። «በራሴ ኃላፊነት» የሚል ወረቀት ፈርመን የምናውቅ ሁሉ ነገሩ ይገባናል፤ ወረቀቱ ሲቀርብልን ብዙ ጊዜ ሌላ በር ክፍት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ቀሚሱ ማጠሩን ቀጠለ። በ1880ዎቹ ጣሊያናዊቷ ቪርጂኒያ ዙኪ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከተለመደው አጭር ይሁንልኝ አለች። በ1895 ፒየሪና ሌኛኒ በ«ስዋን ሐይቅ» 32 ጊዜ በአንድ እግሯ ስትሽከረከር፣ ጉልበቷ ካልታየ ማን ይቆጥርላታል? የሰፌዱ ቱቱ እንዲህ መጣ፦ ከአሥር በላይ ንብርብር ቱል፣ ከሥር የተሰፋ ቁምጣ፣ አንዳንዴም እንዳይወድቅ የሽቦ ቀለበት። ካሪንስካ በ1950 ለባላንሺን ኒው ዮርክ ላይ ሽቦውን አወጣችለትና ዳንሰኞች ጎን ለጎን ሲቆሙ መጋጨቱ ቀረ። ልብስ ሰፊ ማመስገን ልማዳችን ስላልሆነ ነው እንጂ እሷ ብቻዋን አንድ ጽሑፍ ይገባታል። እጥበቱንም በተመለከተ፣ ቱቱ እንደ ልብ ውኃ አይነካም። ብዙ የአልባሳት ክፍሎች ላቡን ለማጥፋት ቮድካ ይረጩበታል፤ ከዚያ ቅርጹን እንዳያጣ ዘቅዝቀው ይሰቅሉታል።

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አልተነካም፤ ከቱቱው ሥር የሚለበሰው ሮዝ ታይት። ሮዝ የተባለው ለነጭ እግር ቆዳ እንዲመስል ነው። ጥቁሩ ዳንሰኛ አርተር ሚቼል በ1969 ከካረል ሹክ ጋር የሃርለም ዳንስ ቲያትርን መሠረተ። በ1974 ዳንሰኞቹ ሮዙን ተዉት። ታይቱም ጫማውም ከእያንዳንዷ ልጅ ቆዳ ጋር እንዲገጥም አንድ በአንድ ይቀለም ጀመር፤ ጠይሟ ለጠይም፣ ቀይዋ ለቀይ፣ ጥቁሯ ለጥቁር። እንግሊዝ ውስጥ ለጥቁር ዳንሰኞች የሚስማማ ቀለም ያለው የጣት ጫማ በፋብሪካ ተሠርቶ የወጣው በ2018 ነው። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ ከመድረክ በፊት ቁጭ ብለው፣ የፊት ሜካፕ በስፖንጅ እያነሡ፣ ጫማቸውን ይቀቡ ነበር።