ያበጠ የመሰለው ፊት

ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሕመሙ የኩላሊት ስለነበር በመጨረሻዎቹ ወራት ፊቱ አብጦ መልኩ ተለውጦ ነበር። ነርስ ሆኜ ስኖር ስንቱን ያበጠ እግር በጣቴ ተጭኜ አይቻለሁ፤ የራስ ሰው ሲሆን ግን ሌላ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችንን በ1998 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ታቦር ስንድር የተቀረፀ ካሴት ነበረን። ልጄ ባሕር ዳር አስገልብጣ በፍላሽ አመጣችልኝ። ለቡሄ ሁሉም ተሰብስበው፣ ጉና በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል፣ የልጅ ልጄ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከፊት ተቀመጡ። የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ ያኔም አብጦ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

አላበጠም ነበር። ጉንጩ የጎደጎደ ቀጭን ሰው ነበር። የተለጠጠው ምስሉ ነው። በዚያ ላይ ዳር ዳሩ ተቆርጦ፣ ከሙሽራዋ አጠገብ የቆመችው እህቴ በግማሽ ፊቷ ትታያለች። ልጁ «ቴሌቪዥኑ አርጅቷል፣ እንዲሁ እዩት» አለ። እኔ እሺ አላልኩም።

አንድ በሽታ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ሆኖ ተገኘ። በላፕቶፑ ታችኛ ጥግ ያለው ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም። ስለዚህ የሚቆርጠው ቴሌቪዥኑ ነው። ጀርባቸው የወጣው የድሮ ቴሌቪዥኖች ዳር ላይ ምስል ስለሚበላሽባቸው ጠርዙን ደብቀው ያሳዩ ነበር፤ ስስ የሆኑት የዛሬዎቹም ብዙዎቹ ያን ልማድ አልተዉም። ሪሞቱ ላይ የምስል መጠን የሚመረጥበት ቦታ አለ። በሳምሰንግ «ስክሪን ፊት» (የሰው ፊት ማለት አይደለም)፣ በኤልጂ «ጀስት ስካን» ይላል። እሱን ስንመርጥ እህቴ ሙሉ ሆነች።

የባለቤቴ ፊት ግን እንዳበጠ ነው። ላፕቶፑ ላይ ባየው እዚያም ያው ነው። እንግዲህ ችግሩ ከቪዲዮው ነው። የድሮው ካሴት የተቀረፀው 4 በ3 ለሆነ ስክሪን ሲሆን የዛሬው 16 በ9 ነው፤ ሲገለብጡት ይህን እንዲሞላ ለጥጠውታል። ሰው ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል ማለት ነው። ቪዲዮውን የከፈትነው በቪኤልሲ ስለነበር «ኤ» የሚለውን ፊደል ደጋግመን ስንጫን ምስሉ ተራ በተራ ተለዋወጠ፤ 4 በ3 ሲደርስ ተውነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እሱ ጉዳት አይደለም፣ አትንኩት። እንሙላው ብላችሁ «ዙም» ካላችሁ ከላይ ራስ፣ ከታች እግር ይቆረጣል።

አማቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ባለቤቴ ጠጅ እየቀዳ ይስቃል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል።

«አሁን እሱ ነው» አሉ።

መብራት እስኪሄድ ሦስት ጊዜ አየነው።