ከዘፈኑ የማይከብድ ማጫወቻ

ኑ፣ ቁጭ በሉ። ቡናው እስኪወርድ ስለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹንም ወሮቹንና ቀኖቹንም የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ነበርኩ። ደይምን የኖረበት ያውቀዋል፤ አማርኛውና ትግርኛው ከአረብኛው ጋር ተቀላቅሎ ከየደጁ የሚሰማበት፣ እንጀራ ያማረው ሁሉ የሚመጣበት ሰፈር ነበር። በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ራሙ 512 ሜጋባይት፣ ዊንዶውሱ ኤክስፒ። ለሌላ ለምንም አልፈልገውም ነበር። የጥላሁን ገሠሠና የማሕሙድ አሕመድ ዘፈኖች የነበሩት እሱ ውስጥ ነው። እያደር ደግሞ ከሱዳናውያን ጎረቤቶቼ መሐመድ ወርዲንና ሰይድ ኸሊፋን ተቀብዬ ጨመርኩበት። የሱዳን ዘፈን እንደኛ በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ቃሉ ባይገባኝም ለጆሮዬ ባዳ አልሆነም። ማታ ከሥራ ስገባ ከጥላሁን ወደ ወርዲ እያልኩ ነበር የማመሸው።

ታዲያ ዘፈኑ በሰላም አይሄድልኝም። ማጫወቻውን ስከፍተው በመጀመሪያ ያሉኝን ፋይሎች ሁሉ ይቆጥራል፤ ከዚያ የአልበም ሥዕል ፍለጋ ይሄዳል፤ ከዚያ ስታክ ያደርጋል። ጥላሁን ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ሲል ይቋረጣል፤ ሲመለስ ያ ቦታ አልፏል። አንድ ዘፈን መሀሉ ላይ ሲሰበር ምን ያህል እንደሚያናድድ በሰው አገር ብቻውን ያመሸ ሰው ይረዳኛል። ላፕቶፑ አርጅቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሞባይልና ኮምፒውተር ለሚጠግን አንድ የአገሬ ልጅ ወሰድኩለት። ከፈተው፣ ጥቂት ተመለከተና፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ጭነቱ ነው የበዛበት» አለኝ።

ይህ አነጋገሩ እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል፤ ስለዚህ ላብራራው። ኤምፒ3 ዘፈን መፍታት ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። በተለመደው 128 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ቢይዝ ነው፤ አንድ ሺህ ባለ አራት ደቂቃ ዘፈኖች አራት ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሊያድሩ ይችላሉ ማለት ነው። ዊናምፕ የሚባለውን ማጫወቻ ጀስቲን ፍራንክልና ዲሚትሪ ቦልዲሬቭ በ1997 ሲያወጡት የዘመኑ ኮምፒውተር የእኔን ላፕቶፕ አጠገቡ አይደርስም ነበር፤ ግን ያጫውት ነበር። የሚከብደው ዘፈኑ ላይ የተደረበው ነው፤ ሁልጊዜ ከጀርባ የሚሠራ የዘፈን ቆጠራ፣ ከኢንተርኔት የሚመጣ ሥዕል፣ ከድምፁ ጋር የሚደንስ ቀለም፣ በራሱ የሚነሳ አፕዴት። በአዲስ ማሽን ላይ እነዚህ አይታወቁም። በ512 ሜጋባይት ላይ ግን ዘፈኑን ቦታ ያሳጡታል።

ካርቱም ውስጥ ደግሞ ነገሩ በፍጥነት ብቻ አያበቃም። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከባድ ፕሮግራም ማሽኑን ያግለዋል፣ የጋለ ማሽን ማራገቢያውን ያስጮኻል፣ የማራገቢያው ጩኸት ዘፈኑን ይሸፍናል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያለችው የባትሪ ጉልበት ናት፤ ከባዱ ፕሮግራም ቶሎ ይጨርሳታል፣ ቀላሉ ያቆያታል። ሙቀትና ጨለማ በሚፈራረቁበት ከተማ ቀላል ፕሮግራም መምረጥ የምሽቱን ዘፈን ማስረዘም ነው።

ፕሮግራሙን ማግኘቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። አሜሪካ በ1997 ሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ ጥቅምት 2017 አልተነሳም። ከታወቁት የነፃ ሶፍትዌር ማከማቻዎች አንዱ በ2010 መጀመሪያ ሱዳንን ጨምሮ ለአምስት አገሮች በሩን ዘግቶ ነበር። ስለዚህ ካርቱም ውስጥ ሶፍትዌር እንደ ዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይሄድ ነበር። ያ ልጅም ኪሱ ውስጥ ካለው ፍላሽ ነው ሦስት ማጫወቻዎች የሰጠኝ።

የመጀመሪያው የቆየው ዊናምፕ ነው። ቶሎ ይከፈታል፣ አይንቀራፈፍም። ሁለተኛው ኤክስኤምፕሌይ ነው፤ መጠኑ ከአንድ ዘፈን ያንሳል፣ መጫን እንኳ አያስፈልገውም፤ ፎልደሩን ገልብጦ መክፈት ብቻ ነው። ሦስተኛው ፉባር2000 ነው፤ ቀድሞ ለዊናምፕ ቤት ይሠራ የነበረው ፒተር ፓቭሎቭስኪ ከ2002 ጀምሮ ያወጣው። መልኩ ነጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ ዝርዝር ይመስላል፤ ጌጥ የለውም።

እኔን የማረከኝ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱ ፊደላችን ነው። የድሮው ዊናምፕ መስኮት ፊደሎች በሥዕል የተሠሩ የላቲን ፊደሎች ስለነበሩ «ትዝታ» ብዬ የሰየምኩት ፋይል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይሰለፍ ነበር፤ የወርዲ ዘፈኖች አረብኛ ስምም እንደዚያው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከኤክስፒ በኋላ፣ ከቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ ኤክስፒ ላይ መጀመሪያ የአማርኛ ፎንት ማስገባት፣ ቀጥሎ ዩኒኮድ የሚያነብ ማጫወቻ መምረጥ ያስፈልጋል። ሁለቱም ሲሟሉ አማርኛውና አረብኛው በአንድ ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ተነበቡልኝ። ያን ማታ አንዱን ሱዳናዊ ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። የወርዲን ስም በራሱ ፊደል ሲያይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

አሮጌ ማሽን ያላችሁ፣ ይህን ከእኔ ውሰዱ። አዲሱ ዕትም ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ ለኤክስፒ የሚሆነውን፣ በዘመኑ የወጣውን ዕትም ፈልጉ። ዘፈኖቻችሁን በፎልደር ለዩ፤ የዘፋኙ ስም በፎልደሩ፣ የዘፈኑ ስም በፋይሉ ላይ ይጻፍ። ያኔ ማጫወቻው የራሱን ማኅደር መገንባት ሳያስፈልገው ፎልደሩን ብቻ ይከፍታል። ከእጅ ወደ እጅ የመጣውን ሁሉ በቫይረስ ማጥፊያ አሳልፉት። ማሽኑ ኤክስፒንም መሸከም ካቃተው ሊኑክስ ላይ ኦዴሸስ የሚባል አለ፤ የድሮውን የዊናምፕ ገጽታ ይለብሳል፣ ሸክሙም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ጥቂት ቀን ቤት ዘግተን ተቀመጥን፤ ከዚያ እንደ ብዙው ሰው በገዳሪፍ በኩል ወደ ድንበር ከተማዋ ገላባት ወጣን። የያዝኩት አንድ ሻንጣ ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ ከባድ ነው፣ በመንገድም ለሌባ ያጋልጣል፤ ደይም ተውኩት። ከመውጣቴ በፊት በነበረችው ሌሊት ግን ባትሪው ሳያልቅ የዘፈን ፎልደሮቹን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። አጠገባቸውም የማጫወቻውን ፎልደር አኖርኩ። ከአንድ አልበም ያነሰ ቦታ ነው የወሰደው። ፍላሹን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቼ ወደ መተማ ተሻገርኩ።

ጎንደር፣ ዘመድ ቤት ደርሼ ካረፍኩ በኋላ የልጃቸውን ኮምፒውተር ለመንኩ። ኢንተርኔት አልነበረም፤ አላስፈለገኝምም። ፍላሹን ሰካሁት፣ ማጫወቻውን ከዚያው ከፍላሹ ላይ ከፈትኩት፣ ፎልደሩን ጎትቼ ጣልኩበት። አማርኛው ተነበበ፣ አረብኛውም ተነበበ። ወርዲ ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ዘፈነ። የቤቱ እመቤት ቡና እየቆሉ ነበር፤ «ይሄ የማን ዘፈን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የጎረቤቴ» አልኳቸው።

ያ ጎረቤቴ የት እንደደረሰ እየጠየቅኩ ነው። እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የምትወዷቸውን ዘፈኖች አንድ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ማጫወቻውንም አብራችሁ አኑሩት።