ባዶ ነው የተባለው ቤት

«ቤቱ ባዶ ነው፤ ሂዱና እረፉበት» አለን የክፍል ጓደኛችን፣ ቁልፉን እጃችን ላይ እያስቀመጠ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አልቋል፤ ወሩ ጥር ነው። እኛ አምስት ነን፤ ሦስታችን ከአማርኛ፣ ሁለታችን ከታሪክ ትምህርት ክፍል። ኪሳችን ሳስቷል፤ ሆቴል አይታሰብም። ወንጪ ሐይቅ አፋፍ ላይ፣ ያለ ኪራይ፣ ለስድስት ቀን! ማን እምቢ ይላል? ጓደኛችን ራሱ ጉዳይ ይዞት አልመጣም። «አኮ እዚያው ናቸው፤ ያዩዋችኋል» ብቻ አለን። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ያኔ የምናውቃት አንዲት ቃል እሷ ነበረች።

አባዱላ ተኮናትረን ወጣን። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፈን አምቦ እስክንገባ ወሬያችን ስለ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነበር። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው፣ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ የሆኑት ሰው የአማርኛን ግጥምና ቲያትር እዚያ ካደረሰ፣ ይህ ሀገር የኛም ሀገር ነው፤ እዚህ እንግዳ አይደለንም እያልን ተከራከርን። ተከራከርን ማለት እንኳ አይቻልም፤ የሚቃወም አልነበረም። ሾፌሩ በመስታወት አየን።

«ለመሆኑ ኦሮምኛ ትሰማላችሁ?»

ዝም።

«እንግዲያው ወንጪ ስትደርሱ በጸጋዬ አማርኛ ውሃ ጠይቁ» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ቀልድ መስሎን።

ከአምቦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው። ወንጪ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ከገደሉ ሥር ሐይቁ፣ ከሐይቁ መካከል ደሴቱ፣ ከደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን። ስለ ሐይቁ የሚጽፍ ሞልቷል። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል፤ በገበታ ለሀገርም ብዙ ተሠርቶበታል። እኛ የምንጽፈው ስለ ቤቱ ነው።

ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ባለ ሁለት ክፍል ነው። ዙሪያውን እንሰት ከቦታል፤ ከጓሮ ጭስ የጠገበ ማድ ቤት አለ። ውስጡ ተጠርጎ ሣር ተጎዝጉዞበታል። ሁለት አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከደብተር የተቀደዱ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ባዶ ቤት እንዲህ ይሞቃል እንዴ? ብለን አልጠየቅንም።

አኮ የእጅ ውሃ ይዘው በር ላይ ቆሙ። «ኩን መነ ኬሰን» አሉን። አብራቸው የምትኖረው የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ የልጅ ልጃቸው ተረጎመችልን፤ «ይህ ቤታችሁ ነው ይላሉ።»

እኛም ቤታችን አደረግነው። ሣጥኑን ገፍተን ጥግ አስያዝነው፤ መጽሐፎቻችንን ላዩ ላይ ደረደርን። ሁለት ሁለት ሆነን አልጋዎቹን ተካፈልን፤ ዕጣ የወጣበት አምስተኛው ሣሩ ላይ ተኛ። ከትራስ ሥር አንዲት የቀንድ ማበጠሪያ አግኝተን ስንስቅባት አመሸን። ማታ ማታ አኮ ቆጮ በጎመን፣ የተቀቀለ ድንች፣ የገብስ ቆሎ ይልኩልናል። «ገለቶማ» ማለትን ከልጅቱ ተማርን። ቃላቱን በፊደል ስንጽፍ እያየች ታርመናለች፤ ለፈ መሬት ነው፣ ላፋ ደግሞ ለስላሳ። እኛ መሬቱን ሁሉ ለስላሳ እያልን ስንዞርበት ነበር ለካ!

ከታሪክ ክፍል የሆነው ጓደኛችን ነገሩ አነሣሣው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦኔሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ በግዕዝ ፊደል እንደ ተጻፈ፣ አስቴር ጋኖም ብዙ እንደ ደከመችበት ነገራት። እሷ የተማረችው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት በሆነው በቁቤ ነው። በጨዋነት አዳመጠችውና፣ «እሺ፣ እነሱ በእናንተ ፊደል ጻፉ፤ እናንተስ ለምን አልተማራችሁም?» አለች። መልስ ይኖረናል ብላ ጠበቀች። አልነበረንም።

በሦስተኛው ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ለሽንት ወጣ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ፍም ይታያል፤ ከፍሙ ጎን ቁርበት ተነጥፎ አኮና ልጅቱ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ጥጃዋ አጠገባቸው ታስራለች። ተመልሶ ቀሰቀሰን።

«አልጋቸው ላይ ነው የተኛነው» አለ።

ማንም አልተነፈሰም። ባትሪ አብርተን ግድግዳውን እንደ አዲስ አየነው። ወረቀቶቹ የልጅቱ የፈተና ወረቀቶች ናቸው። የገፋነው ሣጥን የአኮ ሣጥን ነው። ማበጠሪያዋም የማን እንደ ሆነች ገባን። ቤቱ ባዶ የሆነው ባዶ ስላደረጉልን ነው። ኧረ እኛ ግን ምን ዓይነት ዓይን ነው ይዘን የመጣነው? የሕዝብን ኑሮ አይተን ለዚህ ቡለቲን እንጽፋለን ብለን ነበር'ኮ!

ሲነጋ ሻንጣችንን አስረን ወጣን። «ዺፈማ» አልን፤ ይቅርታ ማለት ነው፤ ከልጅቱ ጠይቀን አጥንተነው ነው። የአኮ ፊት ጠቆረ። ልጅቱ አቀርቅራ፣ «ምን አጎደልኩባቸው ነው የሚሉት» አለችን።

ያን ጊዜ ነው የደነገጥነው። መተኛታችን አላስከፋቸውም፤ መሄዳችን ግን ስድብ ሊሆንባቸው ነው። የያዝነው ቃል ከሠላሳ አይበልጥ፤ በሠላሳ ቃል ሰው ተዋርዶም አክብሮም ማስረዳት እንዴት ይቻላል? ልጅቱ በመካከላችን ስትመላለስ ረፋድ ሆነ። በመጨረሻ ታረቅን፤ አኮና እሷ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወደ አልጋቸው ሊመለሱ፣ እኛ አምስታችን በውጪው ክፍል የገብስ ጭድ ላይ ልንተኛ። አኮ አንድ ነገር አስጨመሩ፤ ብርድ ልብሶቹ ከኛ ጋር ይቀራሉ። በዚህስ አልተሸነፉም።

ቤቱ ሲጠብ ሞቀ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ጨርቅ ይባላል። እኛ ግን እንግድነት የጀመርነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ወራሪዎች ነበርን ብንል ማጋነን አይሆንም።

የመመለሻችን ዕለት ቁልፉን ለአኮ ሰጠናቸው። እጃችንን በእጃቸው ጨምድደው ቁልፉን መለሱልን። «መነ ኬሰን።» አሁን አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

አዲስ አበባ እንደ ገባን ጓደኛችን ላይ ጮህንበት። «ለምን ባዶ ነው አልከን?»

«ባዶ ነው ባልላችሁ ትሄዱ ነበር?» አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ «ደግሞ እንደዚያ በላቸው ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

ቁልፉ ዶርማችን ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ውሃ መጠየቅ እንችላለን፤ ቢሻን ነው። ከዚያ ያለፈ ሳንማር አንመለስም ተባብለናል። እስከ ዛሬ ኦሮምኛ ለመማር የተመዘገበው ግን ከአምስታችን አንዱ ብቻ ነው።