ከረሜላ የጾም ነው ወይስ የፍስክ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በወረታ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሳስተምር፣ ጾመ ፍልሰታ በገባ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። የልጅ ነገር ብላችሁ አትለፉት።

ስም ብቻውን መልስ አይሆንም። በሱቅ «ከረሜላ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለምና። ከስኳርና ከማጣፈጫ ብቻ የተሠራ አለ፤ ወተትና ቅቤ የገባበት አለ፤ እንደ ላስቲክ የሚለመጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ጄላቲን የረጋ ነው። ከቸኮሌትም አብዛኛው ወተት አለበት። ሐላዋ ግን ሰሊጥና ስኳር ነው፤ ሸንኮራ አገዳማ ማን ይጠይቅበታል! ማርም ቢሆን መጥምቁ ዮሐንስ በምድረ በዳ የተመገበው ነው። ፎገራ በላሟ የታወቀች አገር ናት፤ ልጆቻችን ወተትን በቅልና በጣሳ ያውቁታል እንጂ በከረሜላ ልባስ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል ብለው አይጠረጥሩም። ስለዚህ ልባሱን ማንበብ የወላጅ ሥራ ነው።

«አንዲት ብቻ ብትሆንስ?» የሚለው ግን ይከብዳል። ጾም የምግብ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሰዓትም አለው። ሰዓቱ ሳይደርስ ሐላዋም ሽሮም እኩል መብል ናቸው። በአንድ የፍልሰታ ቀን ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ነጠላዋን አጣፍታ ለመቁረብ ከተሰለፉት መካከል ቆማ ሳለ ወደ እኔ መጣችና «ጠዋት አክስቴ ከረሜላ ሰጥታኝ በላሁ» አለችኝ። ማንም አላየም ነበር፤ አክስቷም የሰጠቻት በፍቅር ነው። ሕፃኗ ከሰልፉ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። በማግሥቱ ጾማ ቆረበች። እኔ ግን ዛሬም የማስበው ስለ አክስቷ ነው፦ ለልጅ ጣፋጭ ከመስጠታችን በፊት «ትጾሚያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል?

ከሰዓቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። መጽሐፈ ምሳሌ በ25፥16 ማርን አልከለከለም፤ መጠኑን እንጂ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ይኖረዋል፤ ይህም ሰባት ማንኪያ ያልፋል። ወተት ትቶ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ የሚደግም ጾመኛ፣ የጾም ምግብን ሕግ ጠብቋል፤ ሆዱን ግን አላስራበም።

በመጨረሻ፥ በቤታችሁ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕሙም ካለ፣ ስለ ጾሙ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ስኳሩ በድንገት ወርዶበት ላብ ካጠመቀውና ከተንቀጠቀጠ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ያህል በውኃ በጥብጣችሁ ወዲያው ስጡት። ያን ጊዜ ሰዓት አይጠበቅም።