መልስ የማይሰማ መምህር

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከልጅነት ዘመናችን የማንረሳውን ነገር እንድንጽፍ በጠየቁን ጊዜ፥ እንደ ጓደኞቼ ስለ መጀመሪያው የትምህርት ቀኔ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን በአያቴ ቤት መስኮት ላይ ትቀመጥ የነበረችው ትንሽ ጥቍር ራዲዮ ናት። ስለዚህ የእርስዋን ታሪክ እጽፋለሁ፤ ከእርስዋም ጋራ እስካለፈው ዓመት ድረስ ለማንም ሳልናገር የቆየሁትን አንድ ጥፋቴን አብሬ እጽፋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ. ም. ነው። ኮሮና የተባለው በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ፥ መጋቢት 7 ቀን፥ በመላው ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። እኔ በዚያን ጊዜ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እውነቱን ለመናገር፥ የመጀመሪያው ሳምንት ለእኛ ለልጆች እንደ በዓል ነበር። ከጧት እስከ ማታ የጨርቅ ኳስ ስንጫወት ዋልን። በሁለተኛው ሳምንት ጨዋታው ሰለቸን። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ወላጆቻችን ውሃ ቅዳ፥ ፍየል ጠብቅ፥ እንጨት ልቀም ይሉን ጀመር። ያን ጊዜ በአገራችን 26 ሚሊዮን ያህል፥ በዓለምም ከ190 በሚበልጡ አገሮች አንድ ቢሊዮን ተኩል ያህል ተማሪዎች እንደ እኛው ከቤት ውለው እንደ ነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እኛ የምናውቀው በሰቆጣ ዳርቻ ያለውን ሰፈራችንን ብቻ ስለ ነበረ፥ ከዓለም ሁሉ ተለይቶ የተዘጋው የእኛ ትምህርት ቤት ይመስለን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱ በአየር ሞገድ ይሰጣል የሚል ወሬ መጣ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቴሌቪዥን፥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በራዲዮ ይሆናል ተባለ። በአዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች የቤት ሥራቸው በቴሌግራም ይላክላቸው እንደ ነበረ በኋላ ሰምቻለሁ። በእኛ ሰፈር ግን እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ሰው በጣት የሚቈጠር ነበር፤ ያለውም ቢሆን ስልኩን ለልጅ አይሰጥም። ራዲዮ ግን አያቴ ነበራቸው።

አገራችን ዋግ ተራራማ ስለ ሆነ ሞገዱ በቀላሉ አይገባም። ስለዚህ አጎቴ ከአንቴናው ጫፍ ሽቦ ቀጥሎ በጣራው ላይ ካለው እንጨት ጋራ አሰረው። ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ሽቦው ሲወዛወዝ የመምህሩ ድምፅ ይጠፋል፤ እኔ ሮጬ ወጥቼ ሽቦውን ይዤ እቆማለሁ፤ ታናሽ እኅቴም ከውስጥ ሆና «መጣ! መጣ!» እያለች ትጮኽ ነበር። ከዚህ ሁሉ የባሰው ችግር ግን የራዲዮው ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም የመምህሩ ድምፅ እንደ ታመመ ሰው ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል። ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሓይ ላይ እናሰጣቸዋለን፤ ይህም አልበቃ ሲል በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርጋቸዋለን። (ይህን ለማንም አልመክርም። የኬሚስትሪ መምህራችን በድንጋዩ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ካስረዱን ወዲህ፥ ትዝ ባለኝ ቍጥር እደነግጣለሁ።) በመጨረሻ አያቴ ዕንቍላል ሸጠው አዲስ ድንጋይ ያስገዙ ነበር።

አያቴ ፊደል አልቈጠሩም። ሆኖም የትምህርቱ ሰዓት ሲደርስ ጽኑ ሕግ ነበራቸው። ፊታችንን ታጥበን፥ የትምህርት ቤት ልብሳችንን ለብሰን፥ ደብተራችንን ይዘን በመደቡ ላይ እንቀመጣለን። አንድ ቀን «በቤት ውስጥ ዩኒፎርም ምን ያደርጋል?» ብዬ ባጕረመርም፥ «መምህሩ ባያይህ እኔ አይሃለሁ» ብለው መለሱልኝ።

የራዲዮው መምህር ድምፁ ያማረ ነበር። ያስረዳና «ተማሪዎች፥ አሁን እናንተ መልሱ» ብሎ ጥቂት ዝም ይላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዚያ ዝምታ ጊዜ እኔና እኅቴ በኀይል እንጮኽ ነበር። ከዚያ በኋላ «በጣም ጥሩ!» ይለናል። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ብመልስም «በጣም ጥሩ!» ይላል፤ ባልመልስም «በጣም ጥሩ!» ይላል፤ ስሕተት ብመልስም እንዲሁ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ልቤ ቀዘቀዘ። ሰውነቴ በመደቡ ላይ ተቀምጦ አሳቤ ከኳሱ ጋራ ይሄድ ጀመር።

ለእኅቴ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። እርስዋ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ራዲዮ ደግሞ የፊደልን ድምፅ ያሰማል እንጂ መልኩን አያሳይም። አንዲት መምህርት ስለ አንድ ፊደል ስታስረዳ እኅቴ ተነሥታ የራዲዮውን ጀርባ ስታገላብጥ አይቼ በጣም ሣቅሁ፤ እርስዋ ግን አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ከምድጃ ከሰል እያነሣሁ ራዲዮው የጠራውን ፊደል በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እጽፍላት ጀመር። ምሽት ላይ ዝናብ ሲያጥበው በማግሥቱ እንደገና እንጽፋለን።

የእኔን ልብ የመለሱት ግን አያቴ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ የልባቸው ቋንቋ ግን ኽምጣኛ ነው። ትምህርቱ እንዳለቀ ድንጋዩን ለመቈጠብ ራዲዮውን ዘግተው «በሉ፥ ምን አለ?» ይሉናል። የሰማነውን በኽምጣኛ መንገር ግዴታ ነበር። በአማርኛ የገባኝ የመሰለኝ ነገር በኽምጣኛ ልናገር ስጀምር ጨርሶ እንዳልገባኝ ይታወቀኝ ነበር። እርሳቸውም ወዲያው ያውቁብኛል። አንድ ቀን ስለ ዝናብ ተማርን፤ የባሕር ውሃ በፀሓይ ሙቀት ተንኖ ደመና እንደሚሆን፥ ደመናውም ዝናብ እንደሚሆን ነገርኋቸው። አያቴ ጥቂት አሰቡና «እዚህ ዋግ ባሕር የለ፤ ታዲያ የኛ ዝናብ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። አፌ ተያዘ። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ መምህር ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው በየአጥሩ እየዞሩ፥ ራቅ ብለው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራችንን ያዩልን ነበር። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ቀኑን ስቈጥር ቆየሁ። መምህሩም እርጥበቱን ነፋስ ከሩቅ ውቅያኖስ ተሸክሞ እንደሚያመጣው አስረዱኝ። ይህን ለአያቴ ስነግራቸው «እንግዲያው ዝናባችን መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ይዘገያል» አሉ። በፈተና ላይ ይህ ጥያቄ ቢመጣ በዕድሜዬ ሙሉ አልስተውም።

በትምህርት ቤታችን ስለ ሌሎች አገሮች ያነበብሁት ነገር ይህን ያስታውሰኛል። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1937 ፖሊዮ ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፥ ለትንንሽ ልጆች ትምህርቱ በራዲዮ ሲነገር ጋዜጦች ደግሞ የየቀኑን ትምህርት ያትሙላቸው ነበር። በአውስትራልያ በረሓ፥ አሊስ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ፥ በ1951 «የአየር ትምህርት ቤት» ተከፈተ። በዚያ የተራራቁ የከብት እርባታ ቦታዎች ልጆች የሚማሩት በአውሮፕላን የሚመጡት ሐኪሞች በሚጠሩበት ራዲዮ ነበር። ያ ራዲዮ መስሚያ ብቻ ሳይሆን መናገሪያም ነበረና ልጁ ሲመልስ መምህርቱ ትሰማዋለች። የእኛው ራዲዮ ጆሮ አልነበረውም፤ ጆሮዎቹ አያቴ ነበሩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ከመስኮቱ ሥር በውጭ በኩል ሌላ ተማሪ ነበረ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ክፍላችንም አንድ ነበር። ቤታቸው ራዲዮ አልነበረም። በሽታው ስለሚፈራ ሰው ከሰው ቤት አይገባም ነበርና፥ በግድግዳው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። መምህሩ ጠይቆ ዝም ሲል፥ እኔ ገና ስጽፍ እርሱ ከውጭ ይመልሳል። አያቴም በመስኮቱ ብቅ ብለው «ጐበዝ!» ይሉታል። ለእኔ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ይህ ነገር ልቤን እየበላው ሄደ።

ከዕለታት አንድ ቀን አያቴ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደው ነበር። የሒሳብ ትምህርት ነበረ። መምህሩ «ከ24 ብርቱካን ሩቡ ተሸጠ፤ ከቀሩትም ሢሶው . . .» ማለት ሲጀምር፥ እጄን ዘርግቼ ድምፁን ቀነስሁት። ጆሮዬን ከራዲዮው አጣብቄ ብቻዬን ሰማሁ። ልጁ መስኮቱን አንኳኵቶ «ምነው፥ ጠፋ እንዴ?» አለኝ። «ድንጋዩ ደክሞ ነው» አልሁት። በማግሥቱም እንዲሁ አደረግሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን አልመጣም።

ከሳምንት በኋላ እናቱ መጥተው በደጃፍ ሆነው ከአያቴ ጋራ ሲያወሩ ሰማሁ። ልጁን አባቱ የዘመድ ፍየል እንዲጠብቅ ወደ ተከዜ ቈላ ልከውታል። «ትምህርቱ እስኪከፈት ይቆይ ብለን ነበር፤ ግን የእናንተም ራዲዮ ድንጋዩ አልቆ ዝም አለ አለን፤ እንግዲህ ከዚህ ተቀምጦ ምን ይሠራል?» አሉ። አያቴ ያን ድንጋይ ካስገዙት ገና ዐሥራ አምስት ቀን አልሞላውም ነበር። ዘወር ብለው አዩኝ። ምንም አልተናገሩኝም። የዚያን ዕለት ግን ትምህርቱ ሲያልቅ «ምን አለ?» ብለው አልጠየቁኝም።

ልጁ የሄደው በእኔ ምክንያት ብቻ ነው አልልም። ቤታቸው ችግር ነበረበት፤ ምናልባት ራዲዮው ቢጮኽም መሄዱ አይቀርም ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ግን አላሳረፈኝም።

በ2013 ዓ. ም. ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ ሲከፈቱ ወደ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ። የእርሱ ቦታ ባዶ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ደረሰና ትምህርታችን እንደገና ተቋረጠ። ስለዚያ ጊዜ ሌሎች ከእኔ የተሻለ ይጽፋሉ። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የራዲዮ ትምህርትም አልነበረም፥ የአያቴ ሕግ ግን ነበረ። እኅቴንና አራት የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ በዚያው መደብ ላይ፥ ከዚያው መጽሐፍ፥ በጠጠር እያስቈጠርሁ አስተማርኋቸው። ልጆቹ ፊታቸውን ሳይታጠቡ አይቀመጡም፤ አያቴን ሳያስረዱም አይነሡም። ከውጭ ማንም ባይኖርም መስኮቱን ክፍት አደርገው ነበር። ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን ስሰማ፥ ሁልጊዜ የሚታየኝ በየቤቱ ያለው መደብና የሚጠይቅ ሰው የሌለው ልጅ ነው።

ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን በፍየል ተራ በኩል ሳልፍ አንድ ረዥም ጕልማሳ በስሜ ጠራኝ። እርሱ ነበር። ተሳሳምን። ሻይ ጠጥተን ስናወራ መቻል አቃተኝና «ያን ጊዜ ድንጋዩ አልደከመም ነበር» አልሁት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «ዐውቄአለሁ» አለኝ፤ «ድምፁ ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ ይንሾካሾክ ነበር። ሩቡ ተሸጠ የሚለውን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ሢሶው ምን ሆነ?»

«ሢሶው በሰበሰ፤ ስንት ቀረ ነው የሚለው» አልሁት።

«ዐሥራ ሁለት» አለ ወዲያው። ቈላ ሳለ መንጋውን ለሻጭና ለበሽታ እያካፈለ ሲቈጥር እንደ ኖረ ነገረኝ። በሰባተኛ ክፍል ተቀምጠው ከሚማሩት ትንንሽ ልጆች ጋራ መቀመጥ እንዳሳፈረው፥ ለመመዝገብ ሦስት ጊዜ እስከ በሩ መጥቶ እንደ ተመለሰም ነገረኝ። በማግሥቱ አብረን ሄድን፤ በማታው ክፍል ተመዘገበ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ ወደ አያቴ ቤት ይመጣል። በክፍልፋይ ቍጥር ዛሬም ይቀድመኛል። እንግሊዝኛው ግን ገና ነው፤ እርሱን እኔ አግዘዋለሁ። ራዲዮዋ መሥራት ካቆመች ቆይታለች፤ አያቴ ግን በጨርቅ ሸፍነው በዚያው መስኮት ላይ አኑረዋታል። ጆሯቸው ስለ ደከመ ልጁ ጮኽ ብሎ ያነብላቸዋል። ሲጨርስ ደብተሩን በእጃቸው ይከድኑና «በል፥ ምን አለ?» ይሉታል።