መጀመሪያ መውረዱን

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤቴ ገና ከአልጋ ሳይነሳ፣ ጋቢዬን በረንዳው ላይ ጣል አድርጌ ሮቷችንን ተሸክሞ የቆመውን የብረት ቋሚ በሁለት እጄ ጨበጥኩት። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፣ ብረቱ እጅ ይቆነጥጣል። ዕድሜዬ 41 ነው። ከዚህ ውስጥ 16ቱን ዓመት ያሳለፍኩት ባንክ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እጄን ታጥቤ ቫዝሊን ተቀብቻለሁ፣ የጋብቻ ቀለበቴም ጣቴ ላይ ነው። ያም ሆኖ ዘልዬ ተንጠለጠልኩ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከሳምንት በፊት የ14 ዓመት ልጄ ስልኳን ይዛ መጥታ አንዲት ሴት አሳየችኝ። ሴትየዋ ቀጥ ብሎ በቆመ ብረት ላይ እንደ ሐረግ እየተጠመጠመች ትወጣለች፣ ትዘቀዘቃለች፣ እግሯን አየር ላይ ትዘረጋለች። «እማ፣ ይሄን መማር እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ የማውቀው የምሰሶ ዳንስ በፊልም የሚታየውን የምሽት ክበብ ነው። «ይሄማ የመጠጥ ቤት ጭፈራ ነው» ብዬ ስልኩን መለስኩላት። «ስፖርት ነው። አስተማሪ ፈልጊልኝ ነው ያልኩሽ» አለች። «አደገኛ ነው» አልኩ። «በምን አወቅሽ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ሮቶው ሥር የቆምኩት አደገኛነቱን ላረጋግጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሌላም ነገር ነበር። አንኮበር ሳድግ ዛፍ መውጣት በጣም ያምረኝ ነበር። እናቴ ግን «ሴት ልጅ ዛፍ አትወጣም!» ትለኛለች፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ወንድሞቼ ጽዱ ላይ ሲንጠላጠሉ እኔ ከሥር ቆሜ ጫማቸውን እጠብቅ ነበር።

ሦስት ሰከንድ ያህል ተንጠለጠልኩ። ከዚያ ግራ እጄ በቫዝሊኑ ተንሸራቶ ሲለቅ የሰውነቴ ክብደት በሙሉ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። የሆነ ነገር ሲሳብ ተሰማኝ። ሐኪሙ ጅማቴ መለጠጡን ነግሮኝ ክንዴን ለሦስት ሳምንት አንጠልጥሎ አሰረው። ለባለቤቴ «ልብስ ሳሰጣ አዳልጦኝ ነው» አልኩት። ልጄ ለካ መስኮቱ ጋ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ለአባቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ማታ ግን ሽንኩርት ልትከትፍልኝ ኩሽና ገብታ፣ ቀና ሳትል፣ «እማ፣ እኔ የጠየቅኩሽ አስተማሪ ነው። ያለ አስተማሪ የሞከርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ዋጥኳት።

ክንዴ ታስሮ በተቀመጥኩበት ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ። ምሰሶ ላይ መውጣት የተጀመረው በምሽት ክበብ አይደለም። ሕንዶች «ማላካምብ» የሚሉት፣ ትርጉሙ «የታጋይ ምሰሶ» የሆነ ጥንታዊ ስፖርት አላቸው፤ ታጋዮች ጉልበታቸውን የሚያጠነክሩት መሬት ላይ በተተከለና የጉሎ ዘይት በተቀባ የእንጨት ምሰሶ ላይ ነበር። የቻይና ሰርከስ ደግሞ ጎማ የለበሰ ረጅም ምሰሶ አለው። ዛሬ ስፖርቱ የራሱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቁሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም አቀፍ ስፖርት ፌዴሬሽኖች ማኅበር የታዛቢነት ቦታ ሰጥቶታል።

ከሁሉም ይልቅ ያሳፈረኝ ግን የራሴ ከተማ ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ በኋላ በየከተማው የልጆች ሰርከስ ተስፋፋ። የእኛው ሰርከስ ደብረ ብርሃን አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ወጣቶች በአንድ መድረክ በማሰለፍ ከአገር ውጭም ይታወቃል። የሰርከስ ልጆች ሲገለባበጡና አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ሲቆም ስንቴ አጨብጭቤያለሁ። ያኔ ነውር አላልኩም። ልጄ ስትጠይቀኝ ነው ነውር የሆነው።

አስተማሪው ሰርከስ ውስጥ ያደገ ወጣት ነው፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ ልጆች ያሠለጥናል። ልጄን ይዤ ስሄድ የታሰረ ክንዴን አየና «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ከባለቤቴ በፊት እውነቱን የሰማው እሱ ነው። አልሳቀም። «በብርድ፣ ቅባት ተቀብተው፣ ሳያሟሙቁ፣ ለውሃ ታንከር በተሠራ ብረት ላይ» ብሎ በጣቶቹ ቆጠረና «አንዱ ብቻውን ይበቃ ነበር» አለኝ።

ምሰሶው ከወለልም ከጣሪያም በብሎን ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነው። አስተማሪው ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት በየቀኑ ራሱ ተንጠልጥሎ ያወዛውዘዋል። ከሥሩ ወፍራም ፍራሽ ይነጠፋል፤ «ፍራሹ አወዳደቁን ያለሰልሳል እንጂ አንገት አያድንም» ይላል፤ ስለዚህ ጀማሪን አይዘቀዝቅም። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ይወልቃል። በሥልጠናው ቀን ቅባት የለም። ሌላው ጭንቀቴ ልብስ ነበር። በዳንሱ ምሰሶ ላይ ቁምጣ የሚለበሰው ለታይታ ብቻ አይደለም፤ ለስላሳ ብረት የሚያዘው በቆዳ ስለሆነ ነው፣ በጨርቅ ያንሸራትታል። ጎማ የለበሰው የሰርከስ ምሰሶ ግን ተቃራኒ ነው፤ ቆዳ ስለሚልጥ ሙሉ ልብስ ይለበሳል። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ላለች ብርዳም ከተማ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? ልጄ በረጅም ሱሪና እጅጌ ባለው ሹራብ ጀመረች።

ጀመረች ስል ግን ወጣች ማለቴ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሰሶው ላይ አልወጣችም። ሃያ ደቂቃ ማሟሟቅ፤ ከዚያ በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ እንደ ሳንቃ ቀጥ ማለት፤ ተንጋሎ ሁለት እግርን አንድ ላይ ማንሳት፤ መንጠልጠል፤ በቃ። ስታጉረመርም እሰማታለሁ። አንድ ቀን አስተማሪውን ለምን እንደሚያዘገያት ጠየቅኩት። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ቀርፋፋ ነው፣ ወራት ይፈልጋል አለኝ። ሰው የሚጎዳው ጡንቻው «እችላለሁ» ሲል ጅማቱ ገና ባልደረሰበት ጊዜ ነው። ለዚህ ነው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በመካከሉም እረፍት የሚሰጣቸው። የእኔንም ትከሻ እያሰብኩ ዝም አልኩ።

ጥር ውስጥ ሐኪሙ ቀስ ብዬ እንቅስቃሴ እንድጀምር ሲፈቅድልኝ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥ ብዬ ገባሁበት። የመጀመሪያው ትምህርቴ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ምሰሶውን መያዝና ትከሻዬን ከጆሮዬ አርቆ ወደ ታች መሳብ ነበር። አልገባኝም። አስተማሪው ደጋግሞ «የትከሻዎን አጥንት ወደ ኋላና ወደ ታች» ይለኛል፤ እኔ አንገቴን እቀብራለሁ። በመጨረሻ «እትዬ፣ እስክስታ ይወርዱ የለም እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩና ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግኩት። «እሱን! ታች ሲደርስ ያዙት!» ያዝኩት። ሮቶው ላይ የጎደለኝ ይህ ነበር፤ ያን ቀን ሸክሜን የተሸከመው ጡንቻ ሳይሆን ጅማት ነው።

ስለ መተጣጠፍም የነበረኝ እምነት የተሳሳተ ነበር። ልጄ ከተፈጥሮዋ እንደ ጎማ ናት፤ እግሯን ከፍታ መሬት ልትነካ ትንሽ ነው የሚቀራት። ይህ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር። አስተማሪው ግን እንደ እሷ ያሉትን የበለጠ ይጠብቃቸዋል። ሰውነቷ ገና እያደገ ስለሆነ ማንም ወገቧን ወይም ጉልበቷን ተጭኖ እንዲያወርዳት አይፈቅድም። በእጅ ተገፍቶ የተከፈተ እግር አየር ላይ ራሱን መሸከም አይችልም፤ እግሯን ራሷ እስከምታነሳበት ድረስ ብቻ ትክፈት ይላል። ረጅሙ መሳሳብ ደግሞ የሚመጣው ሰውነት ከሞቀ በኋላ፣ በትምህርቱ መጨረሻ ነው። በሁለቱም ጎን እኩል መሥራት ግዴታ ነው፤ ልጄ ግራዋን ትጠላለች፣ ስለዚህ በግራ ትጀምራለች።

ሕመምንም መለየት ተማርን። ጡንቻ ሲቃጠልና ቆዳ ሲቀላ ያለ ነው። መጋጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ ወይም ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን የዚያ ቀን ሥራ ያበቃል። ልጄ አንድ ቀን የእጅ አንጓዋ ሲወጋት ዝም ብላ ቀጥላ ነበር። በመኪና ስንመለስ ነገረችኝ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና የራሴ ውሸት ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። በዚያው ምሽት ለባለቤቴ የሮቶውን ነገር ተናዘዝኩ። ለካ ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ያን ዕለት ከሰዓት ታንከሩን ሊሞላ ሲሄድ ብረቱ ላይ ቫዝሊን አግኝቷል። «መቼ ትነግሪኝ ይሆን ብዬ ነው» አለኝ።

በአራተኛው ሳምንት ልጄ ምሰሶው ላይ ወጣች፤ አንድ ሜትር ገደማ። እልል ልል ስል አስተማሪው እጁን አነሳ። «ገና ነው። አሁን ትወርዳለች።» ያን ቀን፣ የሚቀጥለውንም ቀን፣ የሠሩት መውረድን ብቻ ነው። መዝለል የለም፣ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ሸርተት ማለት የለም፤ እግር ቆልፎ፣ አንድ እጅ፣ ከዚያ ሌላው እጅ፣ እስከ ፍራሹ ድረስ። የደከመ ሰው መውጣት ቢያቅተው ባለበት ይቀራል፤ መውረድ ካቃተው ግን ይወድቃል። ለመዘቅዘቅ አምስት ወር ፈጅቶባታል፤ ያኔም አስተማሪው ወገቧን ደግፎ ነው። እኔ እስካሁን አልተዘቀዘቅኩም። ሁለት ሜትር እወጣለሁ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፤ ወንበር ላይ ስውል የሚይዘኝ የጀርባ ሕመምም ቀንሶልኛል።

ለፋሲካ አንኮበር ወረድን። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎረቤላ ስንደርስ ጉም ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታ ሸፍኖታል። ከምሳ በኋላ ልጄ ሳታማክረኝ ስልኳን ለእናቴ አቀበለቻት። ቪዲዮው ላይ ዘቅዝቃ ተንጠልጥላለች። ትንፋሼን ያዝኩ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ እስከ መጨረሻው አየችው። «ድገሚልኝ» አለች። ሁለተኛ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ግራ ክንዷን አወጣች።

ያ ክንድ ክርኑ ላይ ሲዘረጋ ቀጥ አይልም። ልጆች እያለን አብሯት የተወለደ ይመስለን ነበር፤ አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች። «ከወይራው ላይ ነው። ወጌሻው አሸው፣ አሰረው፣ እንዲህ ሆኖ ቀረ። መውጣቱን ማንም አልቀደመኝም፤ ጫፉ ላይ ደርሼ እንዴት እንደምወርድ ጠፋኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጄ ዞረች።

«የኔ እናት፣ መውረዱንስ አስተምሮሻል?»

«መጀመሪያ ያስተማረኝ እሱን ነው፣ አያቴ።»

እናቴ ስልኩን መለሰችላትና ቡናውን እንዳቀራርብ በዓይኗ ምልክት ሰጠችኝ።